ልብ አስቀድሞ ሲፈርድ

«ዐይን አይቶ፣ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ አበው። ይህ አነጋገር ለዳኝነት የሚገባውን ሥርዐት በአራት ቃል ያስተምረናል፤ አስቀድሞ ማየት፣ ከዚያ በኋላ መፍረድ። ነገር ግን እያንዳንዳችን ወደ ገዛ ኅሊናችን ተመልሰን የዕለት አኗኗራችንን ብንመረምር፣ ሥርዐቱን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ልብ አስቀድሞ ይፈርዳል፤ ዐይን ደግሞ ልብ የፈረደውን የሚያጸና ምስክር ፍለጋ በኋላ ይወጣል። ገና ያላወቅነውን ሰው በሰፈሩ፣ በልብሱ ወይም በአነጋገሩ መዝነን ካስቀመጥነው በኋላ፣ የሚሠራው መልካም ሥራ እንደ ተንኰል፣ የሚሠራው ስሕተት ደግሞ እንደ ባሕርዩ ይቈጠርበታል።

ይህ ክፉ ልማድ ከወዴት ይመጣል? ከክፉ ሰዎች ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ መድኀኒቱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ክፉዎቹን ለይቶ ከዳኝነት ወንበር ማራቅ ይበቃ ነበርና። እኛ ግን የነገሩ ሥር ከዚህ የጠለቀ ነው ብለን እናምናለን። ሐሳባችንን ለመግለጽም በአሜሪካ የተሠራ አንድ ዕውቅ ፊልም መነሻ አድርገናል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ነውና የፊልሙን አመጣጥ በአጭሩ እንናገር።

ፊልሙ «ዐሥራ ሁለቱ ቍጡ ሰዎች» የሚባለው ነው። ደራሲው ሬጂናልድ ሮዝ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ የነፍስ ግድያ ክስ ላይ ጁሪ ሆኖ ተጠርቶ ነበር፤ በዚያ ያየው ብርቱ ክርክር ልቡን ስለ ነካው በ1954 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ለቴሌቪዥን የሚሆን ተውኔት ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1957 ዓ.ም. ዝነኛው ተዋናይ ሄንሪ ፎንዳ ከደራሲው ጋር ተባብሮ ተውኔቱን ለሲኒማ አበቃው። ያዘጋጀውም ሲድኒ ሉሜት ነው፤ ለሲኒማ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ፊልሙ በበርሊን የፊልም ውድድር የወርቅ ድብ ሽልማት አገኘ። ዘመኑንም ልብ ማለት ይገባል። ተውኔቱ በተጻፈበት በ1954 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቍርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ፤ ፊልሙ በታየበት በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቍር ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤታቸው የገቡት በወታደር ታጅበው ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ያነሣው ጥያቄ ለዚያ አገር ሕዝብ የሩቅ ፍልስፍና አልነበረም።

አንባቢ ነገሩን በሚገባ እንዲከተለው ስለ ጁሪም ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል፤ በአገራችን ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ሥርዐት የለምና። በአሜሪካ ከባድ ወንጀል ሠርተሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው በጁሪ ፊት ሲቀርብ፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ከልዩ ልዩ ሥራ የተጠሩ ተራ ዜጎች ናቸው። ዳኛው ሕጉን ያስረዳቸዋል፤ እነርሱም የምስክሮቹን ቃል ሰምተው ወደ አንድ ክፍል ይገባሉ፤ በርም ይዘጋባቸዋል። በፊልሙ ውስጥ ባለው ክስ ዐሥራ ሁለቱ ሁሉ በአንድ ቃል መስማማት አለባቸው። አእምሮ የሚቀበለው ጥርጣሬ ካለ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል።

የተከሰሰው በድኾች ሰፈር ያደገ የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱን በሰንጢ ወግቶ ገድሏል ተብሏል። ጥፋተኛ ከተባለ ቅጣቱ በኤሌክትሪክ ወንበር መሞት ነው። ማስረጃው ሲሰሙት የማያጠራጥር ይመስላል። ከታች ፎቅ የሚኖር አንድ ሽማግሌ፣ ልጁ «እገድልሃለሁ» ብሎ ሲጮኽና ሬሳው ሲወድቅ ሰምቼ፣ በሩን ብከፍት ልጁ በደረጃው ሲሸሽ አየሁት ይላል። ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ የምትኖር አንዲት ሴት ደግሞ፣ ልጁ አባቱን ሲወጋ በሚያልፈው ባቡር መስኮቶች በኩል አሻግሬ አየሁ ትላለች። ዐሥራ ሁለቱ ፈራጆች በክፍሉ ውስጥ ገብተው እጅ ሲያወጡ፣ ዐሥራ አንዱ «ጥፋተኛ ነው» አሉ። «አይደለም» ያለው ስምንተኛው ፈራጅ ብቻ ነበር። እርሱም ቢሆን ልጁ ንጹሕ ነው አላለም፤ አላውቅም ነው ያለው። የሰውን ልጅ ለሞት ከመስጠታችን በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል እንነጋገር ብሎ ለመነ። የፊልሙ ታሪክ እንግዲህ ይኸው የአንድ ሰዓት ልመና የወለደው ነው።

እነዚያ ዐሥራ አንድ እጆች ለምን እንዲያ ፈጥነው ተነሡ? ይህን ስንመረምር አስቀድሞ መፍረድ አንድ መልክ ብቻ ያለው ነገር እንዳልሆነ እንረዳለን።

ሰባተኛው ፈራጅ ለዚያች ማታ የቤዝቦል ጨዋታ መግቢያ ትኬት በኪሱ ይዟል። ዋና ሕመሙ ችኰላ ነው፤ የሰው ነፍስ ከጨዋታው መጀመሪያ ሰዓት ጋር ስትመዘን ቀለለችበት። በኋላም ሐሳቡን ወደ «ጥፋተኛ አይደለም» የለወጠው ነገሩ ስለ ገባው ሳይሆን ክርክሩ ስለ ሰለቸው ነው፤ ወደ ትክክለኛው ወገን ቢመጣም የመጣበት መንገድ ያው የቀድሞው ነበር። በአንጻሩ ሌሎቹ ከጎናቸው ያለው ሰው እጁን ሲያነሣ አይተው የእነርሱንም እጅ እያመነቱ አነሡ። የብዙኀን ድምፅ ለብዙ ሰው ኅሊና ምትክ ሆኖ ይኖራልና።

አራተኛው ፈራጅ ከእነዚህ ይለያል። አክሲዮን የሚሻሻጥ፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሌሎቹ በሙቀቱ ሲጠመቁ እርሱ የማያልበው ሰው ነው። ግን በዚያ በረጋ ድምፁ፣ የድኾች ሰፈር ልጆች ለኅብረተሰቡ የሚያሰጉ መሆናቸው የታወቀ ነው ብሎ ይናገራል። አምስተኛው ፈራጅ በእንዲህ ያለ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ስለ ነበር ቃሉ እንደ ጅራፍ አረፈበት። እዚህ ላይ ለተማርን ሰዎች ትልቅ ትምህርት አለ። ጭፍን ሐሳብ ሁልጊዜ እየጮኸ አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ መነጽር አድርጎ፣ በተመረጠ ቃል፣ ዕውቀት መስሎ ይመጣል።

እየጮኸ የሚመጣው ዐሥረኛው ፈራጅ ነው። የዚህ ሰው ንግግር ሁሉ «እነርሱ» በምትል ቃል ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱ ይዋሻሉ፣ እነርሱ ይሰክራሉ፣ ለእነርሱ የሰው ነፍስ ምንም አይደለም። ሰዎቹ የማን ወገን እንደ ሆኑ ፊልሙ በስም አይናገርም፤ ይህን ያደረገው በብልኀት ይመስለናል፤ ተመልካች ሁሉ በልቡ ያለውን ስም ራሱ እንዲያስገባበት ነው። ስምንተኛው ፈራጅ ይህን ሰው አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ልጁ ከእነርሱ ወገን ስለ ሆነ አታምነውም፤ ታዲያ ከዚያው ወገን የሆነችውን ሴት ምስክርነት እንዴት አመንህ? መልስ አልነበረውም። ጭፍን ጥላቻ ለራሱ ሕግ እንኳ ታማኝ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ የሚጠላው ወገን የተናገረውም ቢሆን ጥላቻውን የሚያጸናለት ከሆነ እውነት አድርጎ ይቀበለዋል።

ወደ መጨረሻው ገደማ ዐሥረኛው ሰው በልቡ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሲደነፋ፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጡት። ማንም አልተሳደበም፤ ማንም አልመታውም። ድምፁ ቀስ በቀስ እየደከመ ሄዶ «ስሙኝ» ወደሚል ልመና ተለወጠ። በመጨረሻም ያ ረጋ ያለው አራተኛው ፈራጅ፣ ተቀመጥ፣ ዳግመኛም አፍህን አትክፈት አለው። ጥላቻ የሚኖረው አድማጭ ሲያገኝ ነው። በየስብሰባውና በየቡና ቤቱ የሚነገረውን ክፉ ቃል እኛ ባንናገረውም እንኳ ፈገግ ብለን የምናዳምጠው ከሆነ፣ እስትንፋስ የምንሰጠው እኛ ነን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነውና የሚያስተምረው ግን ሦስተኛው ፈራጅ ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያ፣ እኔ የምናገረው ስለ ማስረጃው ብቻ ነው፣ ከልጁ ጋር የግል ነገር የለኝም ይላል። ቈይቶ ግን የቤቱን ጕዳይ ያወጣዋል። አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ልጁ በዘጠኝ ዓመቱ ከጠብ ሲሸሽ አይቶ ስላፈረበት «ወንድ አደርግሃለሁ» ብሎ በብርቱ አሳደገው፤ በ16 ዓመቱ ልጁ ራሱ አባቱን መንጋጋው ላይ መታው። አሁን ከተያዩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እንግዲህ ይህ አባት በተከሳሹ ፊት ላይ የሚያየው የማያውቀውን የድኻ ልጅ አይደለም፤ የገዛ ልጁን ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ ልጁን ሊቀጣ ስላልቻለ የሰው ልጅ ሊያስገድል ተነሣ። ሁሉም ጥለውት ብቻውን በቀረ ጊዜ ከኪሱ ቦርሳ የወጣችውን ከልጁ ጋር የተነሣትን ፎቶግራፍ በቍጣ ቀደዳት፤ ወዲያውም በጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እያለቀሰ «ጥፋተኛ አይደለም» አለ። ከዚያ በፊት በክርክሩ መካከል በስምንተኛው ፈራጅ ላይ ዘልሎ «እገድለዋለሁ» ብሎ ጮኾ ነበር፤ ነገር ግን ሊገድለው አልፈለገም። በልጁ ላይ ሞት ያስፈርዳል ያለው ቃል በሰው አፍ እንዴት ያለ አሳብ እንደሚወጣ በገዛ አፉ መሰከረ።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው የታወቀ ሊመስል ይችላል። ዋናው ጥያቄያችን ገና አሁን ይመጣል። ሦስተኛው ፈራጅ የተሳሳተው በሕይወቱ ባገኘው ነገር ምክንያት ከሆነ፣ ሰው በሕይወቱ ያየውን ሁሉ ከበር ውጭ ጥሎ ባዶ ሆኖ ይፍረድ ማለት ነውን? ብዙዎች እንዲህ ይላሉ። ፊልሙን አጥብቀን ስንመለከት ግን ተቃራኒውን እናገኛለን። እውነቱን ያወጡት ባዶ የሆኑ ሰዎች አይደሉም፤ የኖሩትን ይዘው የገቡ ሰዎች ናቸው።

አምስተኛው ፈራጅ በድኾች ሰፈር ስላደገ የሰንጢ ጠብ አይቷል። ተስፈንጥሮ የሚከፈት ሰንጢ ያለመደ ካልሆነ በቀር ከታች ወደ ላይ እንደሚወጋበት ያውቃል፤ የሟቹ ቍስል ግን ከላይ ወደ ታች የወረደ ነበር። የሚያፍርበት የልጅነት ሰፈሩ በዚያች ሰዓት ለሰው ነፍስ ጠበቃ ሆነ። ዘጠነኛው ፈራጅ በዕድሜ ከሁሉ የገፋ ነው፤ በምስክርነት የቀረበውን ሽማግሌ የተቀደደ ኮትና ሊሸሽገው የሚሞክረውን አንካሳ እግር ያየ እርሱ ብቻ ነበር። በዘመኑ ሁሉ ማንም ቃሉን ያልሰማው ሰው፣ አንድ ቀን በሸንጎ ፊት ሲደመጥ ያላየውን አየሁ ብሎ እስኪያምን ድረስ ሊደርስ እንደሚችል የተረዳው ራሱ ሽማግሌ ስለ ሆነ ነው። ዐሥራ አንደኛው ፈራጅ ከአውሮፓ የተሰደደ ሰዓት ሠሪ ነው፤ በዜግነት የተወለዱት የሰለቹትን የዳኝነት ሥራ እንደ ክብር የሚቈጥር እርሱ ነው። ይህን ሰው ሆኖ የሠራው ተዋናይ ጆርጅ ቮስኮቬትስ ራሱ ከቼኮስሎቫኪያ የተሰደደ ነበር፤ በ1950 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመለስ የኮሙኒስት ወዳጅ ነህ በሚል ጥርጣሬ በኤሊስ ደሴት ለብዙ ወራት ታስሯል።

እንግዲህ ጭፍን ሐሳብና ማስተዋል ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። ምንጩም ሰው የኖረው ኑሮ ነው። ይህ ነገር የሚያስፈራ ነው፤ በልባችን ውስጥ አንዱን ከሌላው የሚለይ ምልክት የለምና፤ ሁለቱም ሲመጡ «ዐውቃለሁ» እያሉ ነው የሚመጡት። ታዲያ በምን እንለያቸዋለን?

ፊልሙ ሦስት መለያ ይሰጠናል ብለን እናስባለን። የመጀመሪያው፣ ማስተዋል ስለ አንድ ሰው ሲናገር ጭፍን ሐሳብ ስለ ወገን ይናገራል፤ ዘጠነኛው ፈራጅ «ሽማግሎች ይዋሻሉ» አላለም፤ ስለዚያ ኮቱ ስለ ተቀደደ አንድ ሽማግሌ ነው የተናገረው። ሁለተኛው፣ ማስተዋል ጥያቄ ይከፍታል፤ ጭፍን ሐሳብ ይዘጋል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ማስተዋል ለመለካት ፈቃደኛ ነው። ሽማግሌው በ15 ሰከንድ ከአልጋዬ ተነሥቼ በሩ ዘንድ ደረስሁ ብሎ ነበር። ስምንተኛው ፈራጅ ግን በግምት አልተከራከረም፤ የቤቱን ንድፍ አስመጥቶ፣ ርቀቱን በርምጃ ለክቶ፣ እንደ ሽማግሌው እያነከሰ ሲሄድ በሰዓት ተቈጠረ፤ ከ40 ሰከንድ በላይ ሆነ። ርኅራኄ ጥርጣሬውን ወለደ፤ የፈረደው ግን ሰዓቱ ነው።

የመነጽሩም ነገር እንዲሁ ነው። አራተኛው ፈራጅ መነጽሩን አውልቆ አፍንጫውን ሲያሽ፣ ሽማግሌው ፈራጅ በአፍንጫው ግራና ቀኝ ያለውን ምልክት ልብ አለ፤ ያቺ ሴት ምስክርም እንዲህ ያለ ምልክት ነበራት። እርስዋ ግድያውን አየሁ ያለችው በሌሊት ከአልጋዋ ላይ ሆና ነው፤ መነጽር አድርጎ የሚተኛ ሰው ደግሞ የለም። ዐሥራ ሁለቱም ሰዎች ፊትዋን በችሎት ተመልክተው ነበር፤ ምልክቱ በፊታቸው ነበር። ነገር ግን ልባቸው ስለ ፈረደ ዐይናቸው ሥራውን አቁሞ ነበር። የአበው አነጋገር ተገልብጦ የሚያመጣውን ጥፋት ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም። ይህም የተውኔት ፈጠራ ብቻ አይደለም። ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካ የዲኤንኤ ምርመራ ተደርጎ በሐሰት የተፈረደባቸው ብዙ መቶ እስረኞች ነጻ ወጥተዋል፤ ከእነርሱ በብዙዎቹ ላይ ለተሳሳተው ፍርድ ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ የዐይን ምስክር ስሕተት ነበር።

አንዳንድ ሰዎች በፊልሙ ላይ የሚያቀርቡት ነቀፌታ አለ፤ እርሱንም ሸሽገን ማለፍ አይገባንም። ስምንተኛው ፈራጅ በልጁ ሰፈር ዞሮ የግድያውን ሰንጢ የሚመስል ሰንጢ በስድስት ዶላር ገዝቶ አመጣ፤ ጁሪ ግን በችሎት ያልቀረበ ማስረጃ በራሱ እንዳይፈልግ ሕጉ ይከለክለዋል። ደግሞም ልጁ በእርግጥ ንጹሕ መሆኑን ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይነግረንም፤ ምናልባት ነፍሰ ገዳይ ነጻ ለቀው ይሆናል። ይህ እውነት ነው። ስምንተኛው ፈራጅም ቢሆን ከዝንባሌ የጸዳ አይደለም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲደበደብ ላደገው ልጅ ያዝናል፤ ኀዘንም እንደ ጥላቻ ሁሉ አስቀድሞ ሊፈርድ ይችላል። ግን ልዩነቱን እንመልከት። የሌሎቹ ዝንባሌ የጠየቀው የአንድ ሰው ሞት ነበር፤ የእርሱ ዝንባሌ የጠየቀው አንድ ሰዓት ጊዜ ነበር። የተሳሳተ ጥርጣሬ ሊታረም ይችላል፤ የተሳሳተ የሞት ፍርድ ግን ማንም አያርመውም።

ሌላው ነቀፌታ፣ ስለ አድልዎ በሚናገረው ፊልም ውስጥ ፈራጆቹ ሁሉ ነጭ ወንዶች መሆናቸው ነው። በ1997 ዓ.ም. ፊልሙ እንደገና ለቴሌቪዥን ሲሠራ ከፈራጆቹ አራቱ ጥቍሮች ሆኑ፤ ያ በጥላቻ የሚደነፋው ዐሥረኛው ሰውም ጥቍር ነበር፤ የሚጠላቸውም ከላቲን አሜሪካ የመጡትን ነው። በ1986 ዓ.ም. ታሪኩ በሕንድ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በሩስያ ተሠራ፤ በሩስያው ፊልም ተከሳሹ የቼቼን ልጅ ነው። የሚጠላው ወገን ስም በየአገሩ ይለወጣል፤ ክፍሉና ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች ግን ያው ናቸው። የተጠላ የነበረው ራሱ ጊዜ ሲያገኝ የሚጠላው ሌላ ሰው መፈለጉ፣ ሕመሙ የአንድ ዘር ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ መሆኑን ይመሰክራል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ስለ ሩቅ አገር ጁሪ ለማውራት ብቻ አይደለም። ሹም ማመልከቻ ሲቀበል፣ መምህር የተማሪ ፈተና ሲያርም፣ ተማሪም አዲስ የመጣውን የክፍል ጓደኛውን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ሁሉም በዚያች ሰዓት ፈራጅ ነው። ባለጕዳዩ ገና ከበር ሲገባ «ይህን ዐይነቱን ሰው ዐውቀዋለሁ» ያልን እንደ ሆነ፣ ማመልከቻውን ብናነበውም አላነበብነውም። ሰነፍ ነው ተብሎ ስሙ የተላለፈበት ተማሪ መልሱን በትክክል ሲጽፍ «ከማን ቀዳው?» እንላለን። በዚህ የሚሞት ሰው የለም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን በአንድ ቃል ተስፋው የተቈረጠበት ስንት ሰው አለ! ደግሞም የዚያ ክፍል ሰዎች ዐሥራ ሁለት ስለ ነበሩ አንዱ ሌላውን አረመ፤ እኛ ግን በየቢሯችንና በየክፍላችን ብዙ ጊዜ ብቻችንን ነን። ስለዚህ ስምንተኛውን ፈራጅ በገዛ ልባችን ውስጥ ልናስቀምጠው ይገባናል፤ ዐሥራ አንዱ ሐሳባችን እጁን ሲያነሣ፣ «ቈዩ፣ ጥቂት እንነጋገር» የሚል አንድ ድምፅ እንዲቀርልን።

ፊልሙ ሲያልቅ ሦስተኛው ፈራጅ እያለቀሰ ብቻውን ቀርቶ ሳለ፣ ስምንተኛው ፈራጅ የተሰቀለውን ኮቱን አንሥቶ አለበሰው። አልዘበተበትም፤ አልወቀሰውም። ከዚያ ሁሉም ወደ ውጭ ወጡ። እስከዚያች ሰዓት በቍጥር ብቻ ይጠሩ ከነበሩት ሰዎች ሁለቱ፣ ስምንተኛውና ሽማግሌው፣ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ስማቸውን ተነጋገሩና ተሰነባበቱ። የማይተዋወቁ ሰዎች የአንድ የማያውቁትን ልጅ ነፍስ በጥንቃቄ መዝነው፣ የገዛ ስማቸውን የተነገሩት ከፈረዱ በኋላ ነበር። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰውን ስም እንሰማና ከዚያ በላይ ሳንጠይቅ እንፈርዳለን። ዐይን ይይ፣ ጆሮም ይስማ፣ ልብም ተራው እስኪደርስ ይታገሥ።